ኩርፊያ ስንት ቀን ይፈቀድለታል?



ባልና ሚስት ሲኮራረፉ ሥራ የሚበዛበት ልጅ ነው። «አባትህን እራት ቀርቧል በለው» ትላለች እናት። አባት እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ዜና ያያል፤ በደንብ ሰምቷል። ልጁ ግን ዞር ይልና «አባዬ፣ እራት ቀርቧል» ይላል። «አልራበኝም በላት።» «እማዬ፣ አልራበኝም አለ።» «እንደፈለገ በለው!» ልጁ ደመወዝ የሌለው ፖስተኛ ይሆናል። ፈገግ ያላችሁ ሰዎች ሥራውን ታውቁታላችሁ ማለት ነው። አንዳንዶቻችን ደግሞ ዛሬ የገዛ ልጆቻችንን በዚሁ ሥራ አሰማርተናል።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሥር ከሰደዱ ክፉ ስሜቶች ስለ መላቀቅ ነው። ሰፊ ርእስ ነው። ቁጣ አለ፣ ቅናት አለ፣ ስጋት አለ፣ ራስን መናቅ አለ። ሁሉንም ልንካ ብል አንዱንም ሳልጨብጥ ሰዓቱ ያልቅብኛል። ስለዚህ አንዱን መረጥሁ፤ ኩርፊያን። እኛ ዘንድ ሌላው ስሜት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ማደሪያው እሱ ነው። የተቆጣ ያኮርፋል፣ የቀና ያኮርፋል፣ ያፈረ ያኮርፋል፣ የናፈቀ እንኳ «ሳትደውልልኝ ከረምህ» ብሎ ያኮርፋል።

የምለውን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ በኋላ እንዳትፈልጉት። ስሜቱን ለማጥፋት አትድከሙ፤ አይጠፋም። ዕድሜውን ማሳጠር ግን ይቻላል፤ ልማዱም የሚሰበረው በዚያ በኩል ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚጀምር እንየው። ሚስት ከሥራ ደክማ ትገባለች። ባል ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «መጣሽ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው በቅጽበት ያልቃል። ደረቷ ላይ አንድ ነገር ጭምድድ ይላል፤ «ድሮም ለኔ ግድ የለው» የሚል ሐሳብ ይከተላል፤ ፊት ይጠቁራል፤ አፍ ይዘጋል፤ የድስቱ ክዳን ከወትሮው ጮክ ብሎ ይከደናል። ባል ያቺን የክዳን ድምፅ ያውቃታል። «ደግሞ አሁን ምን አደረግኋት?» ይልና እሱም በተራው ይዘጋል። በዚያ ምሽት ሁለቱም አዲስ ነገር አላሰቡም። እግራቸው በለመደው መንገድ ሄዱ እንጂ።

እንዲህ ያለ ልማድ ዝም ብሎ አይጸናም፤ ትርፍ ስላለው ነው የሚጸናው። ይህን ደፍረን ካላመንን ስለ መላቀቅ ማውራቱ ከንቱ ነው። ያኮረፈ ሰው አንደኛ ከአደጋ ይድናል፤ ተናግሮ የሚጸጸትበት ቃል አይወጣውም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ጠበቃው ነው። («ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ሌላው ተረት በዚያች ሰዓት ትዝ አይለንም።) ሁለተኛ የቤቱ መሐል እሱ ይሆናል። ሁሉም ሰው በእግሩ ጣት ይራመዳል፤ «ምን ሆኖ ነው?» ይባባላል። ሦስተኛው ትርፍ ግን ከሁለቱም ይበልጣል፤ ይለመናል። ያኮረፈ ልጅ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል፤ ተረቱ እንደሚለው ቢሆን ኖሮ ልጆቻችን በሁለተኛው ቀን በተዉት ነበር። በየቤቱ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። እናት ወጥ የበዛበት ጉርሻ ይዛ ማእዘን ድረስ ትሄዳለች፤ አክስት ትጨመራለች፤ አያት «ማነው ልጄን ያስከፋው?» እያሉ ይነሣሉ። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ያውቃል፤ መናገር ምንም አያመጣም፣ ዝም ማለት ግን ጉርሻ ያመጣል። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ሚስቱ የምታገባው ይህን ትምህርት የጨረሰ ሰው ነው።

ዝም ያለ ሰው አርፏል ማለት አይደለም። አፉ ሲዘጋ ውስጡ ይከፈታል፤ ነገሩን ያወጣዋል፣ ያወርደዋል፣ ያብሰለስለዋል። ይህ ማብሰልሰል ስላለው ጉዳት ብዙ ካስተማሩን ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ሊቅ ሱዛን ኖለን ሆክሴማ ናት፤ በ2013 ነው ያረፈችው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።) በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲከፋቸው ምን እንደሚያደርጉ በጥያቄ መዝግባ ነበር፤ የትኞቹ ሐዘናቸውን ደጋግመው እንደሚያላምጡ፣ የትኞቹ ወደ ሌላ ነገር ዞር እንደሚሉ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1989፣ ሎማ ፕሪዬታ የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ሰሜን ካሊፎርኒያን መታ። ተመራማሪ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ልፍጠር ቢል አይችልም። ተማሪዎቹን እንደገና ስትጠይቅ፣ አስቀድመው የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ከአደጋው አሥር ቀን በኋላም ሰባት ሳምንት በኋላም ከሌሎቹ ይልቅ ለድባቴ ቀርበው አገኘቻቸው። የተናወጠው መሬት አንድ ነው። ለአንዳንዶቹ ግን ውስጣቸው መናወጡን አላቆመም።

«እንግዲያው ማውጣት ነው፤ ይጮህ፣ ይፈንዳ፣ ይውጣለት» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ይህን ምክር ከብዙ ደጋግ ሰዎች ሰምቼዋለሁ። ብራድ ቡሽማን የተባለ ተመራማሪ በ2002 ባሳተመው ጥናት ምክሩን ፈትኖታል። 600 ተማሪዎች የጻፉት ጽሑፍ በስድብ ቃል እንዲነቀፍ ተደረገና ተናደዱ። ከዚያ አንደኛው ቡድን የሰደበውን ሰው እያሰበ የቦክስ ከረጢት መታ፤ ሁለተኛው ስለ ሰውነት ማጎልመስ እያሰበ መታ፤ ሦስተኛው ምንም ሳያደርግ ለጥቂት ደቂቃ ተቀመጠ። ይበልጥ ተናድዶ የተገኘው ሰዳቢውን እያሰበ የመታው ነው። ለመበቀል ከሁሉ ያነሰ ዝንባሌ ያሳየው ዝም ብሎ የተቀመጠው ነው። እንግዲህ ማብሰልሰልም ማፈንዳትም የሚመገቡት ከአንድ ማእድ ነው። ነገሩ በአእምሮ ውስጥ እየተላመጠ እስከቆየ ድረስ አፉ ቢዘጋም ቢከፈትም ለውጥ የለውም።

ዝምታው የሚጎዳው ያኮረፈውን ብቻ ቢሆን «ሆዱ ይፍጀው» ብለን በተውነው ነበር። ሌላውንም ይፈጃል። ኪፕሊንግ ዊሊያምስ የተባለ ሌላ ሊቅ መገለል ምን እንደሚያደርግ ለማየት በኮምፒዩተር የሚካሄድ ቀላል የኳስ ቅብብል ሠራ። ሦስት ተጫዋቾች ይቀባበላሉ፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ሁለቱ ለሦስተኛው ማቀበል ያቆማሉ። በ2000 በታተመው ጥናት ከ62 አገሮች የተውጣጡ 1,486 ሰዎች ተሳትፈዋል። የተገለሉት ስሜታቸው ወረደ፤ እንደማይፈለጉ ተሰማቸው። በኋላ የተደረገው ጥናት ደግሞ ይብሳል። «የምትጫወቱት ከሰው ጋር ሳይሆን ከማሽን ጋር ነው» ተብሎ አስቀድሞ የተነገራቸው እንኳ ከፋቸው! ማሽን ኳስ ስለከለከለው የሚከፋ ፍጥረት፣ አሥር ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱ ለአራት ቀን «ደህና አደርክ» ስትከለክለው ምን እንደሚሆን ገምቱ።

ሚስቱን ያነሣሁት ለምሳሌ ነው። በሲያትል ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የባለትዳሮችን ጭቅጭቅ ለብዙ ዓመታት ያጠናው ጆን ጎትማን፣ በጭቅጭቅ መካከል አፉን ዘግቶ ግድግዳ ከሚሆነው ወገን 85 ከመቶው ወንድ ነው ይላል። ስለዚህ እዚህ ያላችሁ ወንዶች የድስቱን ክዳን ሳነሣ የሣቃችሁትን ያህል አሁንም ሣቁ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ የእኛ አባቶች ይህን በሽታ ሳያውቁት አልቀሩም። በ399 በግብፅ በረሃ ያረፈው መነኩሴ ኤቫግሪየስ ሰውን የሚፈታተኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ዘርዝሯል፤ ቁጣና ሐዘን በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንድ ልዩነት ማስቀመጡ ነው። እነዚህ ሐሳቦች መምጣት አለመምጣታቸው በእኛ ሥልጣን አይደለም ይላል፤ መቆየት አለመቆየታቸው ግን በእኛ ሥልጣን ነው። ኋላ የተነሣው መነኩሴ ማር ይስሐቅ ከእሱ ብዙ ወስዷል፤ የማር ይስሐቅን መጽሐፍ ደግሞ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ መጻሕፍት ጋር የእኛ ቤተ ክርስቲያን መምህራን በአንድምታ እየተረጎሙ እስከ ዛሬ ያስተምራሉ። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የተገኘ ማስተዋል ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ «አትቆጡ» ብሎ አላለፈም፤ ለቁጣው ሰዓት ቆረጠለት፤ ፀሐይ ሳትገባ። በእስልምና ደግሞ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ የነቢዩ ሐዲስ አለ። ሙስሊም ከወንድሙ ጋር ከሦስት ቀን በላይ መኮራረፍ አይፈቀድለትም፤ ከሁለቱ የሚበልጠው አስቀድሞ ሰላምታ የሚያቀርበው ነው። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ሰው መሆናችንን አልካዱም። አንዱ እስከ ማታ፣ ሌላው እስከ ሦስት ቀን ፈቀዱልን። ሐዲሱ ከቀነ ገደቡ በተጨማሪ መውጫውንም አሳየ፤ ሰላምታ ነው። ማን አጠፋ፣ ማን ይካስ የሚለው ክርክር አልቀደመም። መጀመሪያ ሰላም በል፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እኛ ግን ቀነ ገደቡን ረሳንና አንድ ነገር ብቻ ያዝን፤ ሽማግሌ። በሽማግሌ ላይ ክፉ ቃል እንድናገር አትጠብቁ። ሦስት አራት አባቶች ተቀምጠው «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረን» ሲሉ ትልቅ ነገር ነው የሚሠሩት። በአእምሮ ውስጥ ሲላመጥ የከረመው ነገር በአፍ እንዲወጣ፣ «ከዚያስ?» የሚል ሰሚ ፊት እንዲቀርብ ያደርጋሉ። ለብቻ ሲታሰብ ተራራ ያከለው በደል ለሦስት ሰው ሲነገር ስንት ጊዜ ኮረብታ ሆኖ እንደሚገኝ ሽማግሌ የሆናችሁ ታውቃላችሁ። በመጨረሻም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል፤ ጉልበት ይሳማል፤ ያልቃል።

ይሁን እንጂ ሽማግሌነት ሳያስበው ያስተማረን መጥፎ ትምህርት አለ። ኩርፊያን መጨረስ የሦስተኛ ሰው ሥራ ነው ብለን እንድናምን አድርጎናል። «ሽማግሌ ካልላከማ አልገባም!» ስንቱ ቤት በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ፈርሷል? ቅድም ያልናት የእናት ጉርሻ ጎልማሳ ስትሆን ሽማግሌ ትሆናለች። ያኮረፈው ሰው ቁጣው ካለቀ ሰንብቷል፤ አሁን የሚጠብቀው መለመኑን ነው። ሌላውም «እኔን ማን ለመነኝ?» ብሎ ይጠብቃል። ሁለት ሰዎች መታረቅ እየፈለጉ ዓመት ያልፋቸዋል።

በውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦች ይህ ይከፋል። ወንድም ዋሽንግተን፣ እኅት አዲስ አበባ ናቸው እንበል። በአባት ቤት ድርሻ ወይም «ገንዘቡን ምን አደረግሽው?» በሚል አንድ የስልክ ጭቅጭቅ ተጣሉ። ድሮ ቢሆን አንድ ሰፈር ናቸው፤ ቡና ላይ ይገናኛሉ፣ ክርስትና ላይ ይገናኛሉ፣ ጎረቤት ይገባበታል። ዛሬ ኩርፊያ በአንድ ጣት ይፈጸማል፤ ብሎክ ማድረግ ብቻ ነው። የሚያገናኛቸው ለቅሶ ነው። እናት ሲሞቱ በድንኳኑ ውስጥ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ሰው ሁሉ «እናታቸው አስታረቋቸው» ይላል። እናትየው ግን ይህን በሕይወት ሳሉ ቢያዩት ይሻላቸው ነበር።

ወደ መፍትሔው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለይ፤ ዝምታ ሁሉ ኩርፊያ አይደለም። በሚደበድባት ሰው ፊት ዝም የምትል ሴት አላኮረፈችም፤ ራሷን እየጠበቀች ነው። ለእሷ «ቀድመሽ ሰላም በይው» ማለት ግፍ ነው፤ የሚያስፈልጋት ከለላና ሕግ ነው። እንዲሁም ለሳምንታት ከሰው ሁሉ የሸሸ፣ እንቅልፍና ምግብ የራቀው፣ መኖር ያስጠላው ሰው ድባቴ ይዞት ሊሆን ይችላል። እሱን «አኩራፊ» ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ጋ ውሰዱት። የአእምሮ ሕክምና ዛሬ አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም ክፍሎች አሉ።

ለተቀረነው፣ ለተራዎቹ አኩራፊዎች፣ የመጀመሪያው ነገር ዕረፍትን ከኩርፊያ መለየት ነው። ጎትማን አንድ ብልሃት ሠርቶ ነበር። እየተጨቃጨቁ ያሉ ባልና ሚስቶችን «መሣሪያችን ተበላሽቷል፤ እስክናስተካክለው ስለ ጉዳዩ አታውሩ» ብሎ ለግማሽ ሰዓት መጽሔት እንዲያነቡ አደረጋቸው። ሲመለሱ የልባቸው ምት ወርዷል፤ ንግግራቸውም ለዝቧል። የተበላሸ መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ ሲግል ዝም ማለት ጥፋት አይደለም፤ ሰውነት ጊዜ ይፈልጋል። ልዩነቱ መመለሻውን መናገር ላይ ነው። «አሁን ተናድጃለሁ፤ ልጆቹ ሲተኙ እናወራለን» ያለ ሰው አላኮረፈም። ምንም ሳይል በሩን ዘግቶ መኝታ ቤት የገባ ግን አኩርፏል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥም ነገሩን እያላመጡ መተኛት አይጠቅምም፤ ዕቃ እጠቡ፣ ሱቅ ድረስ ሂዱ፣ ጋዜጣ አንብቡ።

ሁለተኛው ቀነ ገደብ ነው። ከፈለጋችሁ የጳውሎስን፣ ከፈለጋችሁ የሐዲሱን ውሰዱ፤ ሃይማኖት የለኝም የምትሉ የራሳችሁን ቁረጡ። ዋናው በሰላሙ ቀን መነጋገራችሁ ነው። ባልና ሚስት በደህናው ሰዓት «እኛ ቤት ኩርፊያ ከአንድ ሌሊት አያልፍም» ብለው ከተስማሙ፣ በማግሥቱ ቀድሞ የሚናገረው ተሸናፊ አይሆንም፤ ሕግ አክባሪ ነው። ክብር ለሚያስጨንቀን ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመንበት፣ የመጀመሪያዋን ቃል አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ያኮረፈ ሰው «ምን ብዬ ልጀምር?» ሲል ምላሱ ይተሳሰራል፤ ይቅርታ ልበል ቢል ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም ይላል፤ ላስረዳ ቢል እንደገና ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ቃል ስለ ጥፋቱ መሆን የለባትም። «ቡና ላፍላ?» ይበቃል። «ዛሬ ብርድ ነው አይደል?» ይበቃል። ስንቱ የአገራችን እርቅ በ«ቡና ደርሷል፤ ና ጠጣ» እንደተፈጸመ ማን ቆጥሮት! ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ፣ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ሁኔታውንና ድርጊቱን አስቀድሞ ያቆራኘ ሰው፣ «ከእንግዲህ እለወጣለሁ» ብሎ ከማለ ሰው ይልቅ ያሰበውን እንደሚፈጽም አሳይቷል። «ከእንግዲህ አላኮርፍም» መሐላ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል። «ጠዋት ስነሣ ሳላወራት ያደርሁ እንደሆነ፣ ፊቴን ከመታጠቤ በፊት ደህና አደርሽ እላታለሁ» ግን ሥራ ነው።

የሚኮረፍበት ወገን ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። አትለምኑ፤ አትቅጡም። «መናገር ስትፈልግ አለሁ» ብላችሁ የወትሮ ሥራችሁን ሥሩ። ልጅ ሲያኮርፍ ምግቡ ይቀመጥለት፤ ጉርሻው ግን ማእዘን ድረስ አይሂድ። ሲናገር፣ የሚናገረው ቢያስቆጣችሁ እንኳ፣ ያን ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ትርፉ ከዝምታ ወደ ንግግር መዞሩን ልጁ በራሱ ያገኘዋል። በባልና ሚስት መካከል መልእክት ማመላለሱንም ዛሬውኑ አስቁሙት፤ የምትሉት ካለ ራሳችሁ ተናገሩ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? «በ21 ቀን ልማድ ይለወጣል» የሚለውን ሰምታችኋል። ምንጩ በ1960 መጽሐፍ ያሳተመ ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ሕመምተኞቹ አዲሱን መልካቸውን ለመላመድ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ያህል ሲወስድባቸው ማየቱን ጻፈ፤ ዓለም ቀጠለበት። በለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2010 ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎች እንደ ውኃ መጠጣት ያለ ቀላል ልማድ ሲለምዱ ተከታተሉ። መካከለኛው ቁጥር 66 ቀን ነበር፤ ስፋቱ ከ18 እስከ 254። እንዲህ ያለ ቀላል ልማድ ይህን ያህል ከፈጀ፣ በእናታችን ቤት የተማርነውን ኩርፊያ መተው የበለጠ ቢፈጅ አይግረማችሁ። በዚያው ጥናት አንድ ቀን ማለፍ ልማዱን እንዳላበላሸውም ታይቷል። ተስፋ ቆርጣችሁ «አልሆነልኝም» የምትሉበት ቀን ይመጣል፤ በማግሥቱ ቀጥሉ። አሮጌው መንገድም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ እንዳየው፣ ጠፋ የተባለ ልምድ ከዕረፍት በኋላ ራሱን ያሳያል። በደከማችሁ ቀን፣ በገንዘብ በተጨነቃችሁ ሳምንት ኩርፊያው ተመልሶ ሲመጣ ከዜሮ ጀመርን አትበሉ። ስንት ቀን ቆየ? አራት ቀን የነበረው አንድ ሌሊት ከሆነ ሥራው ተሠርቷል።

ከመካከላችሁ የሦስቱ ቀን ገደብ ካለፈ ወራት የተቆጠሩበት ሰው ይኖራል። ማን እንደሆናችሁ አልጠይቅም። የምለምናችሁ ግን አለ። ከዚህ ወጥታችሁ ቤት ሳትደርሱ ለዚያ ሰው ደውሉለት። ባያነሣ መልእክት ላኩ። የቤቱን ድርሻ አታንሡ፣ ገንዘቡን አታንሡ፣ ማን እንደጀመረ አትጠይቁ፤ ጤንነቱን ብቻ ጠይቁ። ባይመልስ እናንተ ተራችሁን ተወጥታችኋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሞክሩ።